ካታሎጉ ከመከፈቱ በፊት የሚጻፍ አንድ ገጽ፦ የቤተ መጻሕፍት ንድፈ ሐሳብን ሥራ ላይ ለማዋል

የትምህርት ቤትም ይሁን የአጥቢያ ወይም የማኅበር፣ ትንሽ ቤተ መጻሕፍት ለማደራጀት የተነሣ ሰው ብዙውን ጊዜ አስቀድሞ የሚጠይቀው ስንት መደርደሪያ እንደሚያሠራና የትኛውን ሶፍትዌር እንደሚጭን ነው። የቤተ መጻሕፍትና የመረጃ ሳይንስ ንድፈ ሐሳብ ግን ለፈተና ተጠንቶ፣ ፈተናው ሲያልፍ የሚረሳ ትምህርት ሆኖ ይቀራል። እኔ የምመክረው ቅደም ተከተሉን መገልበጥ ነው። አናጢው ከመጠራቱ በፊት ጥቂት ጥያቄዎች በአንድ ገጽ ወረቀት ላይ መልስ ያግኙ፤ ጥያቄዎቹም የሙያው ሊቃውንት ከመቶ ዓመት በላይ የተከራከሩባቸው ናቸው። ገጹ ባይጻፍም ጥያቄዎቹ አይቀሩም። መልሱን መጻሕፍቱን የሚመዘግበው ሰው በየዕለቱ ሳያውቀው ይሰጠዋል፤ የዛሬው መልሱም ከትናንቱ ጋር አይገጥምም።

ይህን የምለው ካየሁት ተነሥቼ ነው። በአንድ ወቅት የአንድ ትምህርት ቤት መጻሕፍት እንደ አዲስ ሲመዘገቡ ሳግዝ፣ የብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ ሥራዎች በሦስት ቦታ ተበታትነው አገኘኋቸው፤ አንዱ መዝጋቢ በ«ኅ»፣ ሌላው በ«ህ»፣ ሦስተኛው ደግሞ ማዕረጉን እንደ ስም ቆጥሮ በ«ብ» ሥር አስገብቷቸዋል። ሦስቱም ትጉህ ሠራተኞች ነበሩ፤ ነገር ግን ካታሎግ፣ ማለትም የመጻሕፍቱ መፈለጊያ ዝርዝር፣ ለምን እንደሚዘጋጅ አንድ ቀን እንኳ ተቀምጠው አልተነጋገሩም። የሚያስገርመው ደግሞ ብላቴን ጌታ ኅሩይ ራሳቸው በኢትዮጵያ የሚገኙ መጻሕፍትን ዝርዝር በ1904 ዓ.ም. ያሳተሙ፣ በዚህ ሙያ በአገራችን ቀደምት ከሚባሉት አንዱ መሆናቸው ነው።

በዚህ ቤት ሰነድ የሚባለው ምንድን ነው?

የገጹ የመጀመሪያ ዐረፍተ ነገር ይህን ጥያቄ ይመልስ። ጥያቄው ቀላል ይመስላል፤ ነገር ግን ቤልጅጋዊው ፖል ኦትሌ እ.ኤ.አ. በ1934 ባሳተመው ትልቅ ሥራው ሰነድ ማለት መጽሐፍ ብቻ እንዳልሆነ፣ ሥዕልም ቅርጽም የቤተ መዘክር ዕቃም የሰውን አሳብ ተሸክሞ እስከተገኘ ድረስ ሰነድ ሊባል እንደሚችል ከተከራከረ በኋላ፣ ፈረንሳዊቷ ሱዛን ብሪዬ እ.ኤ.አ. በ1951 ነገሩን ከዚያም አርቃ ወሰደችው። በዱር የሚሮጥ አጋዘን ሰነድ አይደለም፤ ተይዞ፣ ተገልጾና ተመድቦ ለጥናት ሲቀመጥ ግን እንስሳው ራሱ ሰነድ ይሆናል፤ ስለ እርሱ የሚጻፉት ጽሑፎች ደግሞ ከእርሱ የሚወለዱ ሁለተኛ ሰነዶች ናቸው አለች። ለእኛ ምሳሌው ሩቅ አይደለም። የደጋ አጋዘን በአርሲና በባሌ ተራሮች ላይ ለስንት ዘመን ሣር ሲግጥ ኖሮ፣ ከዚያ የተወሰደው ናሙና እ.ኤ.አ. በ1910 በእንግሊዛዊው ሪቻርድ ሊዴከር ተገልጾ የሳይንስ ስም ባገኘ ጊዜ፣ በብሪዬ አነጋገር ሰነድ ሆነ። የአካባቢው ሰው ግን ከዚያ በፊትም በሚገባ ያውቀው ነበር፤ ስለዚህ «ሰነድ ነው» ማለት ሁልጊዜ «ለእገሌ፣ ለዚህ ዓላማ ሰነድ ነው» ማለት መሆኑን መዝጋቢው መዘንጋት የለበትም።

ይህ አሳብ በሥራ ላይ የሚውለው ስጦታ ሲመጣ ነው። ለማንኛውም ለመቀበል ለታሰበ ነገር ሁለት ጥያቄዎች ይቅረቡ፦ ይህ ነገር ለምን ጉዳይ ማስረጃ ይሆናል? እኛስ ገልጸን ለመመዝገብ ፈቃድም ዐቅምም አለን? ለሁለቱም መልሱ አዎንታ ከሆነ፣ የዕድር ቃለ ጉባኤም፣ በቀብር ላይ የተነበበ የሕይወት ታሪክም፣ የሙዚቃ ካሴትም ሰነድ ነው፤ ይግባ። ከሁለቱ አንዱ ከጎደለ ግን፣ ቆዳ ለብሶ በወርቅ ቀለም የተጻፈበት መጽሐፍም ቢሆን፣ ሰጪውን አመስግኖ መመለስ ይሻላል። እኔ እንደታዘብኩት ትንንሽ ቤተ መጻሕፍትን የሚያስቸግራቸው የመጽሐፍ እጥረት ሳይሆን ማንም ሊገልጸው ያልደፈረ የስጦታ ካርቶን ክምር ነው።

ጥንቃቄ የሚያሻው ሌላ ነገር አለ፤ አንድ አካል ከአንድ በላይ ሰነድ ሊይዝ ይችላል። በጥንት አብያተ ክርስቲያናት በሚገኙ የወንጌል ብራናዎች ባዶ ገጾችና ኅዳጎች ላይ የርስትና የጉልት ስጦታ፣ ውል፣ የዕቃ ቤት ዝርዝር ተጽፎ ይገኛል፤ ይህም የሆነው ወንጌል የሚከበርና የማይሰረዝ መዝገብ ስለነበረ ነው። «አራቱ ወንጌላት፣ ብራና» ብሎ ብቻ የመዘገበ ሰው የታሪክ ተመራማሪው የሚፈልገውን ሰነድ እዚያው እደጁ ላይ ሸሸገው ማለት ነው። ስለዚህ በገጹ ላይ «የኅዳግ ጽሑፍ፣ የባለቤት ፊርማና ማስታወሻ በመዝገቡ ላይ ይጠቀሳል» የሚል አንድ መስመር ይጨመር።

የመረጃ ሳይንስ ምሁሩ ማይክል ባክላንድ እ.ኤ.አ. በ1991 «መረጃ» የሚለው ቃል ሦስት ነገሮችን እንደሚያመለክት ለይቷል፦ የማወቅን ሂደት፣ የታወቀውን ዕውቀትና ዕውቀቱን የተሸከመውን ግዙፍ ነገር። ቤተ መጻሕፍት መደርደር የሚችለው ሦስተኛውን ብቻ ነው። የመሐንዲሱን የክላውድ ሻነንን የመረጃ ንድፈ ሐሳብ (እ.ኤ.አ. 1948) እዚህ መጥቀስ የለመዱ አሉ፤ እርሱ ግን የምልክትን መተላለፍ እንጂ ትርጉምን እንደማይመለከት ራሱ ስለተናገረ፣ ለእኛ ገጽ አያስፈልግም።

ለማን ነው?

በሂሳብ መምህርነት ላይ ሳለ እ.ኤ.አ. በ1924 የማድራስ ዩኒቨርሲቲ ቤተ መጻሕፍት ኃላፊ የሆነው ሕንዳዊው ራንጋናታን በ1931 አምስት ሕጎችን አወጣ፦ መጻሕፍት ለአገልግሎት ናቸው፤ ለእያንዳንዱ አንባቢ መጽሐፉ፤ ለእያንዳንዱ መጽሐፍ አንባቢው፤ የአንባቢን ጊዜ ቆጥብ፤ ቤተ መጻሕፍት የሚያድግ ሕያው አካል ነው። ሕጎቹ በብዙ ቦታ በግድግዳ ላይ ተሰቅለው አይቻለሁ፤ ጥቅማቸው ግን በተግባር ሲፈተኑ ነው። የመጀመሪያውን ሕግ በገጹ ላይ ሲጽፉ፣ «መደርደሪያው ክፍት ነው ወይስ አንባቢ በመስኮት ጠይቆ ይቀበላል?» ለሚለው መልሱን ከነምክንያቱ ይጻፉ። መጽሐፍ ይጠፋል የሚለው ስጋት እውነት ነው፤ ነገር ግን ተቆልፎ ለዓመታት ያልተገለጠ መጽሐፍም ከጠፋው ጋር ይቆጠር። አምስተኛውን ሕግ ደግሞ ለአናጢው ይንገሩት፤ ከእያንዳንዱ መደርደሪያ ሢሶው ያህል ባዶ ካልቀረ፣ በሁለተኛው ዓመት ሁሉንም መጽሐፍ ማንቀሳቀስ ግድ ይሆናል።

የመጀመሪያው ሕግ የማይፈታው ጉዳይም አለ። ለቅዳሴ የሚያገለግል ብራና ባለቤቶቹ የሚያከብሩት ንዋይ ነው፤ ተመራማሪው ደግሞ ሊያነበው ይፈልጋል። የባክላንድ ክፍፍል እዚህ ላይ ይጠቅማል፤ ግዙፉ ብራና በቤቱ ይኖራል፣ ይዘቱ በቅጂ ለአንባቢ ይደርሳል። እ.ኤ.አ. በ1973 የተጀመረውና ከአሜሪካ የሚኒሶታ ገዳም ቤተ መጻሕፍት ጋር በትብብር የተካሄደው የኢትዮጵያ ብራናዎች ማይክሮፊልም ሥራም የሄደው በዚሁ መንገድ ነው። ቅጂው የቆዳውን፣ የስፌቱንና የማኅደሩን ወሬ እንደማይናገር ግን በመዝገቡ ላይ ማስታወስ ይገባል።

ካታሎጉ የትኛውን ጥያቄ ይመልሳል?

ብዙ ጊዜ ሊሰጠው የሚገባው ክፍል ይህ ነው። አሜሪካዊው የቤተ መጻሕፍት ባለሙያ ቻርልስ አሚ ካተር እ.ኤ.አ. በ1876 ባወጣው ደንብ የካታሎግን ዓላማዎች ዘረዘረ፤ አንባቢ ጸሐፊውን ወይም ርእሱን ወይም ጉዳዩን ካወቀ መጽሐፉን እንዲያገኝ ማስቻል፣ ቤቱ ከአንድ ጸሐፊና በአንድ ጉዳይ ላይ ምን ምን እንዳለው ማሳየት፣ ከዚያም ከኅትመቶቹ መካከል እንዲመርጥ መርዳት። ሁለተኛው ዓላማ ከመጀመሪያው ይከብዳል፤ የአንድ ሰው ሥራዎች ሁሉ በአንድ ቦታ መሰብሰብ አለባቸውና። ለአማርኛ መጻሕፍት ይህ ሦስት ውሳኔዎችን ይጠይቃል።

የመጀመሪያው የስም ነው። የእኛ ሁለተኛ ስም የአባት እንጂ የቤተሰብ ስም ስላልሆነ፣ መግቢያው የጸሐፊው የራሱ ስም ይሁን፤ «ሀዲስ ዓለማየሁ» በ«ሀዲስ» ይገኛል። በውጭ አገር የተዘጋጁ ዝርዝሮች ግን ብዙ ጊዜ የአባትን ስም ያስቀድማሉ፤ በአሜሪካና በአውሮፓ የሚጽፉ ኢትዮጵያውያንም አንዳንዶቹ ራሳቸው ለምደውታል። ስለዚህ ከአባት ስም ወደ ራስ ስም የሚመራ መጠቆሚያ ይዘጋጅ። ማዕረግ፣ ብላቴን ጌታም ይሁን ዶክተር፣ መግቢያ አይሆንም። እንደ ወልደ ሥላሴ፣ ገብረ ክርስቶስና ኃይለ ማርያም ያሉ ጥምር ስሞች አይነጣጠሉም፤ «ወልደ» ብቻውን የማንም ስም አይደለም።

ሁለተኛው የፊደል ነው። ሀ፣ ሐ፣ ኀ እና ኸ፣ ሰ እና ሠ፣ አ እና ዐ፣ ጸ እና ፀ በዛሬው አማርኛ ድምፃቸው ሲመሳሰል አጻጻፋቸው ይለያያል። ፊደላችን እ.ኤ.አ. በ1999 ዩኒኮድ ውስጥ፣ ማለትም ኮምፒዩተሮች የዓለምን ፊደላት በሚለዩበት የቁጥር ሥርዓት ውስጥ፣ ሲገባ ለእያንዳንዳቸው የተለየ ቁጥር ተሰጣቸው፤ ስለዚህ ኮምፒዩተር «ሠላም» ብሎ የፈለገን ሰው «ሰላም» ወዳለበት አያደርሰውም፤ በተርታውም ላይ በሠና በሰ መካከል ረ ይገባል። መፍትሔው ሁሉንም ወደ አንድ ፊደል ለውጦ መጻፍ አይደለም፤ ያ የመጽሐፉን ገጽ መዋሸት ነው። የርእሱ ገጽ እንደታተመ ይገልበጥ፤ ከዚያም አንባቢ የማያየው ሌላ የመፈለጊያ መስክ ተከፍቶ ተመሳሳይ ድምፆች ወደ አንድ ፊደል ተመልሰው ይግቡበት። ካርድ ለሚጠቀም ሰው ደግሞ ሁሉም በአንድ ፊደል ሥር እንዲደረደሩ መወሰን ይበቃል። እዚህ ላይ ያለው መርሕ ገለጻው ለመጽሐፉ፣ መፈለጊያው ለአንባቢው ይታመን የሚል ነው። ግእዝ ላይ ግን ፊደላቱ የትርጉም ልዩነት ስለሚያመጡ፣ የግእዝ መጻሕፍት ያሉት ቤት ይህን በሊቃውንት ምክር ይወስን።

ሦስተኛው የዘመን ነው። በመጽሐፉ ላይ 1958 ዓ.ም. ካለ 1958 ይጻፍ፤ አጠገቡ በቅንፍ የአውሮፓው ዘመን ይጨመር። ልዩነቱ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ገደማ 7፣ ከዚያ በኋላ 8 ዓመት ስለሆነ፣ የታተመበት ወር ካልታወቀ 1965 ወይም 1966 ብሎ ሁለቱንም መጻፍ ከመገመት ይሻላል። «ዓ.ም.» የሚለውን ጨርሶ የጣለ መዝገብ ለውጭ ተመራማሪ ወጥመድ ነው።

በእነዚህ ሦስቱ ላይ እ.ኤ.አ. በ1998 ዓለም አቀፉ የቤተ መጻሕፍት ማኅበራት ፌዴሬሽን ያወጣው አራት ደረጃ ያለው አስተሳሰብ ይታከልበት፦ ሥራ፣ አገላለጽ፣ ኅትመት፣ ቅጂ። «ፍቅር እስከ መቃብር» አንድ ሥራ ነው። በ1958 ዓ.ም. የታተመው ጽሑፍ አንድ አገላለጽ ነው፤ ወጋየሁ ንጋቱ በኢትዮጵያ ሬዲዮ ያነበበው ትረካ ሌላ አገላለጽ ነው። ከዚያ ወዲህ በተለያዩ ዓመታት የወጡት እያንዳንዳቸው ኅትመት ናቸው፤ በመደርደሪያችሁ ላይ ሽፋኑ የተቀደደው ደግሞ ቅጂ ነው። ማየት የተሳነው አንባቢ ሲመጣ የሚያስፈልገው ሥራው ነው፣ በዓይን የሚነበብ ኅትመት ግን አይረዳውም፤ ለንጽጽር የመጀመሪያውን ኅትመት የሚሻ ተማሪ ደግሞ ሌላ ኅትመት ቢሰጡት አልጠቀሙትም። በትንሽ ቤት አራቱንም መዝግቦ መለየት ሥራ ማብዛት ይሆናል፤ ሥራውንና ኅትመቱን መለየት ግን አይታለፍ።

መደቡን ማን ሠራው?

አሜሪካዊው ሜልቪል ዲዊ መጻሕፍትን በየጉዳያቸው በቁጥር የመደበበት የአስርዮሽ አመዳደብ እ.ኤ.አ. በ1876 ወጣ፤ ዛሬም የሚመረጠው ተዘጋጅቶ የተቀመጠ ስለሆነ ነው። ከመቀበል በፊት ግን የዓለምን ዕውቀት ከየት ቆሞ እንዳየው መመርመር ይገባል። የሃይማኖት ክፍሉ ከ220 እስከ 280 ያሉትን ቁጥሮች ለክርስትና ሰጥቶ፣ ይሁዲነትንና እስልምናን ጨምሮ የቀሩትን ሁሉ በ290 ውስጥ አጨናንቋል። ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ራሷ 281.75 ላይ ናት። የአማርኛ ቋንቋ 492.87፣ ኦሮምኛ 493.55 ሲሆን ሥነ ጽሑፋቸውም 892.87 እና 893.55 ነው። አመዳደቡ የተከተለው ሴማዊና ኩሻዊ የሚለውን የቋንቋ ቤተሰብ ነው፤ አዳማ ወይም ደሴ ላይ ያለ አንባቢ ግን የአገሩን ልብ ወለዶች በጎረቤት መደርደሪያ ላይ ሊያያቸው ይፈልጋል።

እንግሊዛዊው ዊንደም ሂዩም እ.ኤ.አ. በ1911 ያቀረበው አሳብ መውጫ ይሰጣል፤ መደብ መወለድ ያለበት ከፈላስፋ የዕውቀት ዛፍ ሳይሆን በእጅ ካሉት መጻሕፍት ነው። ዲዊም ቢሆን ለአካባቢው ቋንቋና ሃይማኖት አጭር ቁጥር እንዲሰጥ የሚፈቅዱ አማራጮች አሉት፤ የአገር ውስጥ ሥነ ጽሑፍን በ810 ማስቀመጥ ከእነርሱ አንዱ ነው። ስለዚህ አሠራሩ እንዲህ ይሁን፦ መጻሕፍቱን በወለል ላይ በጉዳያቸው ከምሩ፤ የከፍታቸውን ልክ እዩ፤ ትልቁ ክምር አጭሩን ቁጥር ያግኝ። የተመረጠው አማራጭ በገጹ ላይ ካልተጻፈ ግን ተተኪው ሠራተኛ በመደበኛው ቁጥር መመዝገብ ይጀምርና አንዱ ክምር ለሁለት ይከፈላል።

የራሳችንም የአመዳደብ ልምድ አለ። በአብነት ትምህርት መጻሕፍት ቤት ብሉይ፣ ሐዲስ፣ ሊቃውንትና መነኮሳት ተብሎ በአራት ጉባኤ ይከፈላል፤ ክፍፍሉ መምህሩ ከሚያስተምረው፣ ደቀ መዝሙሩም ከሚወጣው መንገድ የመጣ ነው። ዴንማርካዊው ቢርገር ዮርላንድ ከባልደረባው ጋር እ.ኤ.አ. በ1995 መረጃን ለማደራጀት መነሻው የግለሰቡ አእምሮ ሳይሆን በጋራ የሚሠራና የሚነጋገር የሙያ ማኅበረሰብ ነው ሲል፣ ለአብነት ትምህርት ቤት አዲስ ነገር አልነገረም። የሰንበት ትምህርት ቤት ወይም የአጥቢያ ቤተ መጻሕፍት የምታደራጁ ከሆነ፣ ለአንድምታና ለሊቃውንት መጻሕፍት አራቱን ጉባኤያት መጠቀም የመጽሐፍ ቅዱስ ትርጓሜ ቁጥር በሆነው በ220.7 ሥር ሁሉንም ከማጎር የተሻለ ነው ብዬ አምናለሁ።

ስለ ጉዳይ ስያሜ አንድ ነገር ብቻ ልጨምር። በአሮጌ መጻሕፍት ርእስ ላይ ዛሬ ስድብ የሆኑ የሕዝብ መጠሪያዎች አሉ። ርእሱ እንዳለ ይገለበጣል፤ ታሪክ ነውና አይታረምም። የጉዳይ ስያሜው ግን የእኛ ንግግር ስለሆነ ሰዎቹ ራሳቸውን በሚጠሩበት ይሁን፦ ቤተ እስራኤል፣ ኦሮሞ። ከቀድሞው መጠሪያ ወደ አሁኑ የሚመራ መጠቆሚያ ይኑር፤ አሮጌውን ቃል ብቻ የሚያውቅ ተመራማሪም ባዶ እጁን አይመለስ።

ጠያቂው ያልተናገረው

አሜሪካዊው ሮበርት ቴይለር እ.ኤ.አ. በ1968 እንዳብራራው፣ አንባቢ ጠረጴዛው ዘንድ ደርሶ የሚናገረው ጥያቄ ከመጀመሪያው ስሜቱ አራተኛ ደረጃ ላይ ነው፤ መጀመሪያ የማይነገር ጉድለት ይሰማዋል፣ ቀጥሎ በልቡ ያብላላዋል፣ ከዚያ በቃል ያዘጋጀዋል፣ በመጨረሻም ቤተ መጻሕፍቱ ይመልስልኛል ብሎ በሚገምተው ልክ ይቆርጠዋል። አንድ አዛውንት መጥተው «ልጄ፣ ስለ ማይጨው የሚያወራ መጽሐፍ ይኖራችኋል?» ቢሉ፣ ወዲያው የኢትዮጵያ ታሪክ ቁጥር የሆነው 963 ወዳለበት መሮጥ አይገባም። «አባባ፣ ስለ ውጊያው ነው ወይስ የሚፈልጉት የተለየ ነገር አለ?» ተብለው ሲጠየቁ፣ «አባቴ እዚያ ነው የቀረው፤ ስሙ የተጻፈበት ቦታ ይኖር እንደሆን ብዬ ነው» ሊሉ ይችላሉ። ያን ጊዜ የሚፈለገው የጦርነቱ ታሪክ መሆኑ ቀርቶ የስም ዝርዝር ወይም የአካባቢ ታሪክ ይሆናል፤ ምናልባትም በመጀመሪያው ክፍል ሰነድ ነው ብለን የተቀበልነው የቀብር ላይ የሕይወት ታሪክ። በገጹ ላይ «ከመጀመሪያው መልስ በፊት ቢያንስ አንድ ጥያቄ ይጠየቃል» የሚል መስመር ይጻፍ።

ገጹ ካለቀ በኋላ ሠላሳ መጻሕፍት ብቻ መዝግቡበት። ከዚያም በምዝገባው ያልተካፈሉ ሰዎች፣ ከተቻለ አንድ ተማሪ፣ አንድ መምህርና አንድ አዛውንት፣ ካታሎጉን በየራሳቸው አጻጻፍ ይፈልጉበት፤ ያላገኙት ነገር ሁሉ የፈለጉበት ቃል ሳይለወጥ ይመዝገብ። ስሕተቱ የመዝጋቢው ከሆነ መዝገቡ ይታረም፤ መዝጋቢው ገጹን ተከትሎ ሳለ አንባቢው ካልደረሰበት ግን የሚታረመው ገጹ ነው፤ ከሥሩም የተለወጠበት ቀንና ምክንያቱ በአንድ መስመር ይገባል። ሠላሳ አንደኛው መጽሐፍ የሚከፈተው ከዚያ በኋላ ነው።